አረፋ ያልያዘው ሳሙና

ሱዳን፣ ገዳሪፍ ገበያ መሐል፣ ከሰሊጥ ተራው ወደ አትክልት ተራ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከካርቱም ጦርነት የሸሸ አንድ ሰው ትንሽ የሽቶና የሳሙና ሱቅ ከፍቷል። ባለፈው ሳምንት ገብቼ የጢም መላጫ ሳሙና ብጠይቀው ሁለት ነገር አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ደረደረልኝ። አንዱ በክብ ቆርቆሮ ያለ ደረቅ ሳሙና ነው፣ ሌላው እንደ ጥርስ ሳሙና ተጨምቆ የሚወጣ ክሬም። «ሳቡን ወላ ክሬም፣ ያ ኡኽቲ?» አለኝ፤ እህቴ፣ ሳሙናው ይሻልሻል ወይስ ክሬሙ ማለቱ ነው። ይኼ ምን ይከብዳል? እኔ ግን የቆርቆሮውን ክዳን ከፍቼ ሳሸተው ጥያቄውንም እሱንም ረሳሁ።

ሳሙናውን የፈለግሁት ለአባቴ ነው። እናቴ ካረፈች ወዲህ ጢሙን አልነካም። የእኛ አገር ወንድ ሐዘኑን የሚይዘው በጢሙ ነውና አርባዋ ሲወጣ ይላጫል ብለን ጠበቅን፤ አልተላጨም። ሌላም ጊዜ ጨመርንለት፤ አሁንም አልተላጨም። ነጩ ጢሙ ወደ ደረቱ ሲወርድ ዘመድ አዝማዱ እኔን ይዞ ይነዘንዝ ጀመር፤ «ሐዘን ሲበዛ ከእግዜር ጋር መሟገት ነው፣ ልጁ አይደለሽም ወይ? ላጪውና ከሐዘን ይውጣ» ይሉኛል። እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ራሱ ምላጭ መያዝ አይችልም። እሺ ብዬ ገበያ የወጣሁት ለዚህ ነበር፤ ያ ሽታ፣ የሰንደልና የሎሚ ልጣጭ የሚመስለው ሽታ፣ ከሱቁ አውጥቶ ወደ ልጅነቴ ግቢ ወሰደኝ እንጂ።

ያኔ የምንኖረው ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ነበር፤ ሁለት የሣር ጎጆና አንድ ራኩባ፣ ማለት አገዳ የለበሰ ዳስ፣ ባለበት ግቢ። አባቴ በፋሽጋ ትልልቅ እርሻዎች ላይ ትራክተር ይነዳል። ሥራው ሲበዛ ሳምንታት እዚያው ይሰነብታል፤ ሲመለስ ከዓይኑና ከጥርሱ በቀር ሁለመናው አቧራ ነው። እቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚጠይቀው እህል አይደለም፣ መላጫውን ነው። መስታወቱን ከኒሙ ዛፍ ላይ ይሰቅልና በርጩማው ላይ ተቀምጦ ብሩሹን ለብ ባለ ውሃ ይነክራል፤ ከዚያ ሳሙናው ላይ እያሽከረከረ፣ እያሽከረከረ፣ አረፋው እንደ እርጎ ረጋ እስኪል ድረስ ማንንም አያናግርም። ፊቱን ሁሉ ነጭ ካደረገ በኋላ ድንገት ወደ እኔ ዞሮ ዓይኑን ያፈጥብኛል፤ እኔም ሁልጊዜ እንደ አዲስ እየጮኽኩ ወደ እናቴ እሮጣለሁ። ከአረፋው ሥር የሚወጣው ፊት ወጣትና ትንሽ ዓይን አፋር ነበር። እናቴም ሥራዋን ትታ ቀና ብላ የምታየው ያን ጊዜ ነው።

ገዳሪፍ ላይ እንዲያ ያለ አረፋ ማግኘት ቀላል እንዳይመስላችሁ። በአህያ ጋሪ እየዞረ የሚሸጠው የጉድጓድ ውሃ ጨው ጨው ስለሚል ሳሙና አይወድም። ስለዚህ እናቴ ከክረምቱ ዝናብ አንድ ዚር ሙሉ፣ ያ ውሃ የሚያቀዘቅዘው የሸክላ ጋን አለ አይደል፣ ለአባቴ ጢም ብቻ ታስቀምጥ ነበር። እንግዳ ጉሮሮው ደርቆ ቢመጣ እንኳ ከዚያ አይቀዳለትም። ጎረቤታችን ሃጅ እድሪስ በዚህ ይስቁብን ነበር። እሳቸው አገጫቸው ላይ አጠር ያለ ሽበት ትተው ጉንጫቸውን በክሬም የሚላጩ ሰው ናቸው፤ ክሬም ከማንኛውም ውሃ ጋር ተስማምቶ ያድራል፣ ሳሙና ግን እንደ ሙሽራ እሹሩሩ ይፈልጋል ይላሉ። አባቴ ደግሞ ክሬም ለሚቸኩል ሰው ነው፣ የሚቸኩል ሰው ፊቱን ይቆርጣል ይላል። ሁለቱ በዚህ ነገር ዓመት ከዓመት ሲከራከሩ አንዳቸውም ሸብረክ ሲሉ አላየሁም።

አንድ ዓመት፣ የሰሊጥ አጨዳው ሊያልቅ ሲል፣ እናቴ ወንድ ልጅ ወለደች። አባቴ ከእርሻ ሲመለስ ገና አራስ ቤት ነበረች። ገብቶ ሕፃኑን ሳመ፣ እግዚአብሔር ማረሽ አላት፤ መስታወቱን ግን አልሰቀለም። እናቴ ከጎጆው ሆና «ምነው ሳትላጭ? ልጄን በእሾህ ልትወጋብኝ ነው?» አለችው።

«ሳሙናው ከፍቷል» አላት።

ሳሙናው አልከፋም ነበር። የእናቴ እናት፣ ከመተማ ወዲያ ማዶ የምትኖረው አያቴ፣ ሞታ ነው። ወሬውን ለአባቴ ያደረሰው ለአጨዳ የተሻገረ ያገሯ ሰው ነበር። ለአራስ ደግሞ መርዶ አይነገርም፤ ወተቷ ይደርቃል፣ ራሷም ትጎዳለች ይባላል። ልጁ ክርስትና እስኪነሣ ድረስ የሰማ ሁሉ አፉን ይለጉማል። የእኛም ሰዎች እንዲያ አደረጉ፤ ገንፎ ለመብላት ሲመጡ በር ላይ ዕንባቸውን ጠርገው፣ እልል እያሉ ይገቡ ነበር። አባቴም ተላጭቶ ምንም እንዳልሆነ ሰው ወዲያ ወዲህ ቢል ነገሩ ባልታወቀ። መላጨቱን ግን አልቻለም። እናቱን ሕፃን ሳለ ያጣ ሰው ነው፤ የእናትን ነገር ያየው አያቴ ልጇን ስትሰጠው «አንተንም ወልጄሃለሁ» ካለችው ቀን ጀምሮ ነው። ቀብሯ ላይ አልቆመም፣ ድንኳን አልጣለላትም፣ ጮክ ብሎ አላለቀሰላትም። የቀረው ጢሙ ብቻ ስለነበር፣ እሱን ላለመላጨት በሕይወቱ ዋሽቶ የማያውቀው ሰው የውሸት ዓይነት ያመጣ ጀመር።

እናቴ አዲስ ሳሙና አስገዛችለት፤ የበግ ጮማ ይሸታል አለ። ሌላ አስመጣችለት፤ አረፋ አልይዝ አለኝ አለ። ከዚሩ የዝናቡን ውሃ ቅጂለት ተብዬ ብቀዳለት፣ የዘንድሮ ዝናብ ራሱ ጨዋማ ነው ብሎ ሰማዩን ወነጀለ። ሃጅ እድሪስ ይህን ሲሰሙ ክርክሩን ያሸነፉ መስሏቸው ከፖርት ሱዳን የመጣ ክሬም ይዘው ከተፍ አሉ። አባቴ አመስግኖ ተቀበለ፣ እጁ ጀርባ ላይ ትንሽ ጠብ አድርጎ ብዙ ካሰበ በኋላ «ያሳክካል» አለ። እኔ ክሬሙን ሰርቄ ቀምሼው ስለነበር አመንኩት።

ጢሙ እያደር ፊቱን ዋጠው። በሃጅ ዘንድ ደግሞ ጎልማሳ ሰው ድንገት ጢሙን ካሳደገ ልቡ ወደ ፈጣሪው ዞሯል ማለት ነው። አንድ ዓርብ ቀን የታጠበ ጀላቢያቸውን ለብሰው መጡና «ማሻአላህ፣ ያ ታከለ!» ብለው አቅፈው ወደ መስጊድ ሊወስዱት እጁን ያዙት። አባቴ ወደ በሩ ሳብ አድርጎ እውነቱን በጆሯቸው ነገራቸው። ሃጅ እዚያው ደጃፍ ላይ መዳፋቸውን ዘርግተው ለአያቴ ነፍስ የፋቲሃ ጸሎት ደገሙላት። ከዚያ ወደ ግቢው ዘለቁና እናቴ እንድትሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ያ የሺ፣ ክሬሙ ተበላሽቶ ነው፣ ጥፋቱ የኔ ነው!» አሉ። ክሬምን በሕይወታቸው ያሙት ያን ቀን ብቻ ይመስለኛል።

እናቴ ከዚያ በኋላ አልጠየቀችም። ይልቅስ ከገንፎዋ ቅቤው የበዛበትን ወገን ለእሱ ታስቀምጥለት ጀመር፣ ራኩባው ሥር ጋደም ሲል እንዳልረብሸው ትቆጣኛለች፣ ሕፃኑን ደግሞ ያለ ምክንያት እቅፉ ላይ ታስቀምጥለታለች። ዞር ሲል ትጠራኝና «ሂጂ እስቲ፣ ሌላ ሳሙና እይለት» ትለኛለች። እንደማይቀበለው እያወቀች ለምን እንደምትልከኝ አይገባኝም ነበር።

ልጁ በሰላም ክርስትና ተነሣ። በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ የግቢያችን በር ተንኳኳ። ሽማግሌዎቹ ከፊት፣ እናቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከኋላ፣ ሃጅ እድሪስም ከሁሉ ኋላ ቀስ እያሉ ገቡ። እናቴ ሕፃኑን አስታቅፋኝ ተነሣች። እኔ ወደ ሰዎቹ የምትሄድ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን መርዶ ነጋሪው ሽማግሌ አፉን ሳይከፍት አልፋው ሄዳ አባቴ አንገት ላይ ተጠመጠመች።

«አይዞህ የኔ ጌታ» አለችው፤ «ጢምህን ካየሁ ጀምሮ አውቄዋለሁ። ለእኔ ብለህ ዕንባህን ዋጥከው። ወንድምህን አያ ጌጤን በልቤ ሳለቅሰው ነው የከረምኩት። እንግዲህ አሁን አልቅስ፣ እኔም አግዝሃለሁ።»

አባቴ እንዳቀፋት ቀረ። አያ ጌጤ ሀዋታ የሚኖር ታላቅ ወንድሙ ነው፤ አባቴ ከሱ ሌላ የሥጋ ዘመድ ስለሌለው እናቴ ጢሙን ስታይ ሌላ ሰው አልመጣላትም። አያ ጌጤ ደግሞ ያን ጠዋት ለመርዶው ብሎ ከሀዋታ በሎሪ ተጭኖ ደርሶ ከሽማግሌዎቹ መሐል ቆሞ ነበር። እናቴ በአባቴ ትከሻ ላይ ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። በሕይወት አለ። ትንሽ ደስ ሲላት አየሁ፤ እውነቴን ነው፣ ፊቷ ፈካ ብሎ ነበር። ከዚያ ሰዉ ሁሉ የሚያየው አባቴን ሳይሆን እሷን መሆኑን አስተዋለች። ሽማግሌው ያዘጋጀውን ቃል ለመናገር አልታደለም። «እናቴ ናት?» ብላ ጠየቀች፤ መልስም ሳትጠብቅ ጩኸቷን አቀለጠችው።

ያን ጩኸት ዛሬም አልረሳውም። እናቴ ግን ዓመታት ካለፉ በኋላ ስታወራው እየሳቀች፣ በሳቋም መሐል ዕንባዋን እየጠረገች ነበር፤ አያ ጌጤ በመጣ ቁጥር «ያፈሰስኩልህን ዕንባ መልስ!» እያለች ታስቀው ነበር። ሕፃኑንም ካሳ ያለችው እሷ ናት። ሐዘኑ የወጣ ዕለት ከዚሩ ራሷ ውሃ ቀድታ አሞቀች፣ አባቴ መጀመሪያ ከፍቷል ያለውን ያንኑ ሳሙና አወጣች፣ መስታወቱን ከኒሙ ላይ ሰቀለችና «ና ተቀመጥ፣ ሳሙናው ድኗል» አለችው። አባቴም እንደ ታዛዥ ልጅ ሄዶ ተቀመጠ።

ይኸው ያ ግቢ ዛሬም አለ፣ አባቴም እዚያው ነው። ኒሙ ተቆርጧል፣ ሃጅም አያ ጌጤም የሉም፣ በሐዲዱ ላይ ሣር በቅሏል። ባለሱቁን ብዙ ካስጠበቅኩት በኋላ ሁለቱንም፣ ሳሙናውንም ክሬሙንም፣ ገዝቼ ገባሁ። የዚሩን ቦታ አሁን የፕላስቲክ በርሜል ይዞታል፤ በውስጡ ያለው የዝናብ ውሃ ግን እናቴ ባለፈው ክረምት በገዛ እጇ ያጠራቀመችው ነው። ከዚያ ቀድቼ አሞቅሁ፣ አባቴን ራኩባው ሥር አስቀመጥኩት፣ ብሩሹንም አሽከረከርኩ፣ አሽከረከርኩ። አረፋው ረጋ ብሎ ተነሣ፤ የልጅነቴ ግቢ ሽታ ዳሱን ሞላው። አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ ሽታውን ወደ ውስጥ ሳበ። ብሩሹ ጉንጩን ሊነካ ሲል እጄን ያዘኝ።

«ይኼ ሳሙና ከፍቷል፣ ልጄ» አለኝ።

ክሬሙን አመጣሁለት። እጁ ጀርባ ላይ ጠብ አደረግሁለት፤ ወደ ዓይኑ አቅርቦ ብዙ አየው። «ያሳክካል» አለ።

ይህን ውሸት ሰምታ ዝም ማለት የምትችል አንዲት ሴት ነበረች፤ እሱም የሚያለቅሰው ለእሷ ነው። ዘመዶቼ በማግስቱ ጠዋት መጥተው ምን አደረግሽ እንደሚሉኝ አውቅ ነበር። ብሩሹን አለቅልቄ ሰቀልኩ፣ የቆርቆሮውን ክዳን ገጠምኩ፣ የእጁን ጀርባ በፎጣ ጠረግሁለት።

«እውነትህን ነው አባዬ፣ የዘንድሮ ሳሙና ምኑም አይረባ» አልኩት። «ነገ ወጥቼ ሌላ አይልሃለሁ።»