ዝናብ የሌለበት ጾም

ጎረቤቴ ባይነሽ አንድ ቦታ የማትረጋ ሴት ናት። አውቶቡስ ስትጠብቅ እንኳ ፌርማታውን ከዳር እስከ ዳር ትመላለሳለች። «እረፊ እንጂ፣ ራሴን አዞርሽው» ስላት፣ «ቁጭ ካልሁ አንድ ክፉ ነገር ይቀድመኛል» ትላለች። ሥራዋ የሰው ሽማግሌ መጦር ነው፤ እዚህ ሐይፋ መጣፔለት ይሏታል። ካርሜል ተራራ ላይ ለምትኖር አንዲት አሮጊት ታበስላለች፣ ታጥባለች፣ በየሰዓቱ ውኃ ታጠጣለች። እዚያ ቤት የአየር ማቀዝቀዣው ቀን ከሌት ስለሚሠራ፣ እኛ በላብ ስንጠመቅ እሷ ሹራብ ደርባ ትውላለች።

የገዛ አባቷ አባ ታፈረ ግን ወደ ነሸር በሚወስደው መንገድ ዳር፣ እኛ ሕንጻ ላይ፣ አራተኛ ፎቅ ጣሪያው ሥር ይኖራሉ። ማቀዝቀዣ የላቸውም። ይባስ ብሎ፣ የቤተ መቅደሱን መፍረስ የምናስብበትን ጾመ አብን ይጾማሉ። ጎንደር ሳሉ ያ ጾም የሚውለው በክረምት ነበር፤ ዝናቡ ይወርዳል፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ ውኃ ጠማኝ የሚል የለም። ሐይፋ ላይ ግን የሚውለው በጋው ልብ በሚያጠፋበት ወር ነው። እሳቸው እቴ! እስከ ማታ ጠብታ አይቀምሱም። ሕንጻው ውስጥ ያሉት አዛውንቶችም ዓይናቸው እሳቸው ላይ ነው፤ እሳቸው ጾም ሲይዙ ይይዛሉ፣ እሳቸው ሲፈቱ ይፈታሉ።

ሌላው ጣጣ መስኮት ነው። ላብ ላይ ንፋስ ይመታኛል ብለው ጥርቅም አድርገው ዘግተው፣ ጋቢ ተከናንበው ይቀመጣሉ። ባይነሽ ማራገቢያ ብትገዛላቸው ጨርቅ አልብሰው ጥግ አቆሙት። «ሙቀት የገደለው ዘመድ የለኝም፤ ንፋስ የጨረሰው ግን ስንቱ» ይላሉ። ሳቄ ይመጣ ነበር፤ እኔም ብሆን አውቶቡስ ውስጥ መስኮት የሚከፍትብኝን ሰው አልወድም።

ሐይፋ ላይ ሮኬት የወረደበት ጦርነት ካለፈ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ፍንዳታውን ገና ሳንረሳ፣ ያ ሙቀት መጣ። ድሮ ሲመሽ ከባሕሩ ቀዝቀዝ ያለ አየር ይወጣ ነበር፤ ያን ሰሞን ሌሊቱም እንደ ቀኑ አፈነን። ሬዲዮው ዓለም እየሞቀች ነው፣ በጋው ከዓመት ዓመት እየከፋ ይሄዳል ይላል። ከኩፓት ሖሊም፣ ከጤና ጣቢያው፣ ነርሷ ለየአዛውንቱ እየደወለች «ደህና ነዎት?» ትላለች። የእኛ ሰው ነፍሱ ልትወጣ ብትል እንኳ ሌላ መልስ አያውቅም፤ አባ ታፈረም «እግዜር ይመስገን፣ ደህና» አሏት። ምን ታድርግ፣ አመስግና ዘጋች።

ከጾሙ ቀኖች በአንዱ ባይነሽ ጠዋት ልትሰናበታቸው ስትገባ እኔም አብሬያት ነበርሁ።

«አባባ፣ አንዲት ብርጭቆ ብቻ ይጠጡልኝ።»

«ጾም ነው።»

«በሞቴ።»

«በእንዲህ ያለ ነገር ሞትሽን አትጥሪብኝ፣ ልጄ። ሂጂ፣ ሥራሽ ይረፍድብሻል።»

ሄደች፤ ልቧ ግን አልሄደም። በኋላ እንደነገረችኝ፣ ለአሮጊቷ ውኃ ቀድታ ለአባቷ ደወለች፣ አያነሱም። ደግማ ደወለች፣ ዝም። አሮጊቷ ፊቷን አይታ፣ «ሂጂ ወደ አባትሽ» አለቻት። አውቶቡሱ በየቀዩ መብራት ሲቆም በእግሬ በወረድሁ እያለች፣ በሩ አጠገብ እንደቆመች መጣች።

ጩኸቷን ሰምቼ ስወጣ አባ ታፈረ ወለሉ ላይ ተዘርግተዋል። ገላቸው እንደ ምጣድ ይፋጃል፣ ላብ የሚባል የለም፣ የማይገባ ነገር ይቀባጥራሉ። ጋቢውን ገፈን፣ መስኮቱን በርግደን፣ ውኃ እያርከፈከፍን አምቡላንስ ጠራን። እሷ አብራቸው ሄደች፤ እኔ ቀረሁ።

ሲመሻሽ፣ ባይነሽ በኋላ እንደነገረችኝ፣ አባ ታፈረ ሆስፒታል ውስጥ ነቁ። ክንዳቸው ላይ የተተከለውን ግሉኮስ አይተው በመጀመሪያ የጠየቁት «ጾሜን ማን ፈታው?» ብለው ነው። ባይነሽ ተናደደች፤ አባቷን ተቆጥታ የማታውቅ ልጅ ያን ቀን አንባረቀችባቸው። ከዚያ ክርያት ሞጽኪን ለሚኖሩት ለቄስ ያለው ደውላ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ያዘችላቸው።

«ታፈረ፣» አሉ ቄሱ፣ «ሕጉ የተሰጠን ልንኖርበት ነው እንጂ ልንሞትበት አይደለም። ይጠጡ።»

ጠጡ። ብርጭቆውን ሳያስቀምጡ ግን ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ባፈና፣» አሉ። «ባፈና እኔ ካልነገርኋት አትፈታም።»

እማማ ባፈና ከእሳቸው በታች፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ ናቸው። ባይነሽ ደወለችልኝ፤ ደረጃውን እየዘለልሁ ወጣሁ። አንኳኳሁ። ተጣራሁ። በሩን በጡጫ ደበደብሁ፤ ጎረቤቱ ሁሉ ወጣ፣ እሳቸው ግን አልወጡም። የእሳት አደጋ ሰዎች መጥተው እስኪሰብሩት ድረስ ጆሮዬን በሩ ላይ ለጥፌ ትንፋሻቸውን ፈለግሁ። ባይነሽ በስልኩ ውስጥ «ከፈቱ? ከፈቱ?» ትለኛለች። በሩ ሲከፈት ከውስጥ የወጣው ወበቅ ፊቴን ገረፈኝ። መስኮቱ ሁሉ ተዘግቷል። እማማ ባፈና ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ስበው ተኝተዋል፤ ከሞቱ ቆይተዋል። ለባይነሽ ምን ብዬ እንደነገርኋት አላውቅም።

አባ ታፈረ ከሆስፒታል ወጥተው ለቅሶ ተቀመጡ። «ሙቀቱ ነው የገደላቸው» እያልን አጽናናናቸው። «ሙቀቱማ ነው፣» አሉ። «አንዲት ቃል ግን ከእኔ ትጠብቅ ነበር።»

በሚቀጥለው ዓመት የአብ ወር ሲገባ ሙቀቱ ያው ነበር። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ኮቴ ሰምቼ ብወጣ፣ አባ ታፈረ የውኃ ጠርሙስ ይዘው፣ ባይነሽ ክንዳቸውን ደግፋ፣ በየበሩ ያንኳኳሉ። በሩ ሲከፈት ገብተው መጀመሪያ መስኮቱን ይከፍታሉ፤ ከዚያ ራሳቸው በሰዉ ፊት ይጠጣሉ። ውኃው እንደ ኮሶ ይመራቸዋል፤ ከፊታቸው ያስታውቃል። «ኃጢአቱ በእኔ ይሁን» ብለው ይቀዱላቸዋል።

እማማ ወርቄ ብቻ፣ ከሕንጻው ሁሉ በዕድሜ የገፉት፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው እንቢ አሉ። «አንተ አስይዘኸን አንተው ታስፈታናለህ?»

አባ ታፈረ አልተቆጡም። ፊታቸው ተንበርክከው ብርጭቆውን ዘረጉላቸው።

«የባፈናን በር ሲሰብሩት እኔ አልጋ ላይ ተኝቼ ውኃ እጠጣ ነበር፣ ወርቄ» አሉ። «ጠጪልኝ።»

እማማ ወርቄ ነጠላቸውን ከአፋቸው አነሱ።