መርከብ የጠበቁ ግመሎች

ባለፈው ሳምንት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ደውሎ «ቲቸር፣ የማማክርሽ ነገር አለ፤ እባክሽ ቢሮ ብቅ በይ» አለኝ። ከትምህርት ቤት እንደወጣሁ ባጃጅ ይዤ ሄድኩ። የጅጅጋ ንፋስ ያን ቀን ብሶበት ስለነበር ደረጃውን የወጣሁት ከሻሼ ላይ አቧራ እያራገፍኩ ነው። ልጁ ጨዋ ነው፤ ከወንበሩ ተነስቶ ተቀበለኝ፣ ሻሂ በወተትም አስመጣልኝ። አንድ ሁለት ጊዜ ፉት ብዬ ቀና ስል ከጀርባው ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ትልቅ ፎቶ አየሁ።

ነጭ ሽርጥ የታጠቁ አዛውንት ከውሃ ገንዳ አጠገብ ቆመዋል። ዓይናቸውን ጨፈን፣ ግንባራቸውን ቋጠር አድርገዋል። ሁለት ግመሎች አንገታቸውን ወደ ገንዳው ዘርግተዋል። ከሥሩ በትልልቅ ፊደል «የምሥራቅ እንግዳ ተቀባይነት» ይላል።

«ከኢንተርኔት ነው ያገኘሁት። ደስ አይልም?» አለኝ ልጁ። «ጅቡቲ በመርከብ ለሚመጡ ጎብኚዎች የአንድ ቀን ጉዞ ልናዘጋጅ ነው፤ ወደ አይሻ። አንቺ ሁለቱንም ቋንቋ ስለምታውቂ ፕሮግራሙን አሳምረሽ እንድትጽፊልን ፈልገን ነው።»

ደሜ ፈላ። ብርጭቆውን አስቀመጥኩ። ሰውየውን አውቃቸዋለሁ። ያ ፎቶ ሲነሳ ከጎን ቆሜ ነበር፤ ገንዳው ውስጥ የነበረው ደግሞ ውሃ ሳይሆን ጭቃ ነው።

ገና ሰላሳ ዓመቴ ስለሆነ «አንቺ ደግሞ ምን ትዝታ አለሽ?» የሚለኝ አይጠፋም። ይበል። አባቴ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ አስተማሪ ነበር፤ እኔ ግን ተወልጄ ያደግሁት ጅጅጋ ነው። ሶማሊኛ የተማርኩት ከጎረቤት ልጆች ጋር ገመድ ስዘል ነው። ኮሮና ከመምጣቱ በፊት በነበረው ዓመት፣ ጥር ላይ፣ ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ሥራ ሳፈላልግ ፍስሐ የሚባል የጉዞ ወኪል ከአዲስ አበባ መጥቶ አስተርጓሚ እንደሚፈልግ ሰማሁ። ያኔ «ጋሽ ፍስሐ» እያልኩ አንቱ ነበር የምለው። አሁን ስጽፈው ግን አንቱታው ከእጄ አልወጣ ስላለኝ አንባቢ ይቅር ይበለኝ።

ሥራው እንዲህ ነበር። አንድ ትልቅ የሽርሽር መርከብ ጅቡቲ ወደብ ለአንድ ቀን ይቆማል። ከመንገደኞቹ መካከል የፈለጉት በአውቶቡስ ድንበር ተሻግረው አይሻ ይመጡና የአርብቶ አደር ኑሮ አይተው፣ ፎቶ ተነስተው፣ ከሰዓት በኋላ ወደ መርከባቸው ይመለሳሉ። ወረቀቱ ላይ «ኢትዮጵያ በአንድ ቀን» የሚል ርዕስ ነበረው። እኔ ያኔ አላናደደኝም። እንዲያውም ደስ ብሎኝ ለእናቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት።

ካራማራን ወጥተን ስንወርድ ማለዳው ቀዝቃዛ ነበር። ባቢሌ ላይ ፍስሐ ለውዝ ገዛልኝ፤ የተቆላ፣ ገና ያልበረደ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ። ከድሬዳዋ አይሻ ድረስ በባቡር ሄድን። ከመስኮቱ ውጪ ጥቁር ድንጋይ፣ ግራር፣ እንደገና ጥቁር ድንጋይ ነበር። ሶማሌዎች ጅላል የሚሉት የድርቅ ወራት ነው፤ ሜዳው ላይ አንዲት አረንጓዴ ቅጠል ብትፈልጉ አታገኙም። ፍስሐ ግን በስልኩ ፎቶ እያነሳ «እንዴት ያምራል! ባዶነቱ ራሱ ይሸጣል» ይል ነበር።

አይሻ ላይ ያገኘነው ማደሪያ አንድ ክፍል ብቻ ነበረው፤ እሱን ፍስሐ ያዘው። እኔን ሆዳን የምትባል ሴት ቤቷ ወሰደችኝ። ሆዳን ሁለት ትንንሽ ልጆች አሏት፣ ከአባቷ ጋር ነው የምትኖረው። አባቷ አደር ሮብሌ ይባላሉ። አደር አጎት እንደማለት ነው፤ እኔ አደር ስላቸው እሳቸውም መልሰው «አደር» ይሉኛል። በሶማሌ ወግ ታላቅ ሰው የሚጠራበትን ስም ለታናሹ መልሶ ይሰጠዋል። ከልጅነቴ ጀምሮ ይህን ነገር እወደዋለሁ፤ ሰው ሲጠራኝ የራሱን ክብር የሚያካፍለኝ ይመስለኛል። ያን ምሽት ሆዳን ፓስታ ሠርታ እንደ አገሩ ልማድ ከነሙዙ አቀረበችልኝ፤ ልጆቿ እስክበላ ድረስ አፍ አፌን ያዩ ነበር።

በማግስቱ ወደ ጉድጓዱ ሄድን። ጉድጓዱ ከደረቀው ወንዝ አሸዋ ውስጥ በእጅ የተቆፈረ ነው፤ ውሃው በባልዲ እየተቀዳ ገንዳው ላይ ይፈሳል። በጅላል ውሃው ቀስ ብሎ ስለሚመነጭ እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱ ቀንና ሰዓት አለው። ከተማ ውስጥ ለሚኒባስ ተራ አስከባሪ እንዳለ ሁሉ ለጉድጓዱም አለው፤ ኑር የሚባል ቀጭን ሰው ነው። ተጠርቶ ከብቱን ያላቀረበ ሰው ተራው ያልፈዋል፣ ወረፋው መጨረሻ ላይ ይገባል። በዚህ ላይ ማንም ማንንም አይለምንም፤ ሀብታምም ሽማግሌም ቢሆን ያው ነው።

የአደር ሮብሌ ተራ በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነበር። አሥራ አራት ግመል አላቸው፤ ውሃ ከቀመሱ አሥራ አንድ ቀን ሆኗቸዋል። እንግዶቹ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ይደርሳሉ ተብሏል።

«ትንሽ እንዲያቆዩልን ንገሪያቸው» አለኝ ፍስሐ። «ግመሎቹ ጠጥተው ከጨረሱ ምን እናሳያለን?»

ነገርኳቸው። አደር ሮብሌ አገጫቸውን ይዘው አሰቡ። «በጊዜ ይመጣሉ ወይ፣ አደር?»

«ይመጣሉ። ቃሌ ነው» አልኩ። ማን ቃል ስጪ አለኝ? ማንም። ሃያ ሦስት ዓመት ሆኖት ሥራ ያገኘ ሰው ቃሉ አይከብደውም።

ከዚያ የልብሱ ነገር መጣ። አደር ሮብሌ የኳስ ቡድን ማሊያ ለብሰዋል፣ መነጽር አድርገዋል፣ ስልካቸው በገመድ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ፍስሐ ዞር ዞር ብሎ አያቸውና ማሊያው እንዲወልቅ፣ ስልኩ እንዲደበቅ፣ መነጽሩም እንዲቀር አዘዘ። «እውነተኛ አይመስልም» አለኝ። የሰውየው የገዛ ዓይን ነው እውነተኛ የማይመስለው!

ስተረጉምላቸው አደር ሮብሌ ሳቁ። «መነጽሩን ካወለቅሁ እንግዶቹን በምን አያቸዋለሁ?»

እኔም አብሬ ሳቅሁ። ዛሬ ያ ሳቅ ትዝ ሲለኝ ፊቴን የምደብቅበት ይጠፋኛል።

በቀጠሮው ቀን ገና ፀሐይ ሳትከር ጉድጓዱ ዘንድ ደረስን። አደር ሮብሌ ነጭ ሽርጥ ታጥቀው፣ ያለ መነጽር፣ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው ቆመዋል። ሆዳን የማለዳውን ወተት በጭስ በታጠነ የወተት ዕቃ ይዛ መጥታለች። ልጆቿ ያን ጠዋት ሻሂ ብቻ ነው የጠጡት፤ ወተቱ የእንግዶቹ ነው። «ይቺኛዋ ናት የምታጠባን» ብላ አንዲት ቀላ ያለች ግመል አሳየችኝ። «ዛሬ ካልጠጣች ወተቷ መንጠፉ ነው።»

ሁለት ሰዓት ሲሆን ኑር ተጣራ። «ሮብሌ! አቅርብ!»

አውቶቡሱ አልመጣም። ፍስሐ ስልኩን ይዞ ጉብታ ለጉብታ ይሮጣል። ግመሎቹ ውሃው ሸቷቸው አጉረመረሙ፤ ቀላዋ ግመል ሁለት ጊዜ ወደ ገንዳው ገፍታ ሄደች፣ ሁለቱንም ጊዜ አደር ሮብሌ በዱላቸው አገዷት። የተጠማ ግመል ከውሃ ሲታገድ የሚያወጣውን ድምፅ ያልሰማ ሰው ስለ ጥም እንዲያስረዳኝ አልፈልግም።

ኑር እንደገና ተጣራ። አደር ሮብሌ ወደ እኔ ዞሩ። «የት ደረሱ፣ አደር?»

ፍስሐን አየሁት። ስልኩን በእጁ ከድኖ «መርከቡ ራሱ ገና ነው ወደብ የገባው» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ደወሌን አልፈዋል በያቸው። ግመሎቹ አሁን ከጠጡ ሥራው አለቀ፤ ያንቺም ሥራ።»

ደወሌ ድንበሩ ላይ ያለችው ከተማ ናት። ከዚያ ካለፉ ደረሱ ማለት ነው።

«ደወሌን አልፈዋል» አልኩ፤ በሶማሊኛ፣ ጥርት አድርጌ፣ እዚያ የቆመው ሰው ሁሉ እየሰማ።

አደር ሮብሌ ለአፍታ አዩኝ። ከዚያ ለኑር እጃቸውን አነሱ፤ «ይለፈኝ።» የሌላ ቤተሰብ ግመሎች ገቡ። ከእነሱ በኋላ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ። የአደር ሮብሌ ተራ ስላለፈ ማንም አልጠራቸውም።

አውቶቡሱ የደረሰው ለስድስት ሰዓት ጥቂት ሲቀረው ነው። ሠላሳ የሚሆኑ ሰዎች ወረዱ፤ አብዛኞቹ አረጋውያን፣ ሰፋፊ ባርኔጣ ያደረጉ፣ ሙቀቱ ያደከማቸው። እነሱን ልቆጣ አልችልም፤ የተነገራቸውን ነው የሚያውቁት። ቁጣዬ ሌላ ቦታ ነው። መርከቡ ስለዘገየ ቆይታው ሃያ አምስት ደቂቃ ብቻ ሆኖ ነበር። ጉድጓዱ በዚያ ሰዓት ተሟጥጧል፤ ባልዲው የሚያወጣው ጭቃ ነው። ፍስሐ ሁለት ግመል ብቻ ይቅረብ አለ። ቀረቡ። ጭቃውን አሸተቱት፤ ካሜራው ተንጣጣ።

አንዲት ሽበታም ሴት ወደ እኔ መጣች። «ሌሎቹ ለምን አይጠጡም?» ብላ ጠየቀች። ጥሩ ጥያቄ ነበር። ፍስሐ ከኋላዬ «ባህላቸው ነው በያት፤ መጀመሪያ ታላላቆቹ ይጠጣሉ» አለኝ። እኔም እንዲሁ አልኳት። ሴትየዋ በአድናቆት ራሷን ነቀነቀችና ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው። አንድ ቦታ፣ አንድ ቤት ውስጥ፣ የእኔ ውሸት የሶማሌ ባህል ሆኖ ተቀምጧል።

ሆዳን ወተቱን ቀድታ ይዛ ቀረበች። እንግዶቹ ፈገግ እያሉ እጃቸውን አወዛወዙ፤ ከመርከቡ ውጪ ምንም እንዳይቀምሱ ተነግሯቸዋል። አንድ ሰው ብቻ ጽዋውን ተቀብሎ ከፊቱ ጋር ፎቶ ተነሳና ሳይቀምስ መለሰላት። ሆዳን ጽዋውን እንደያዘች አውቶቡሱ ተነሳ። ፍስሐም አብሯቸው ሄደ፤ በመስኮት አውራ ጣቱን አሳየኝ።

ሆዳን ወተቱን ለልጆቿ አጠጣችና ወደ እኔ ሳትዞር «የሚቀጥለው ተራችን ከነገ ወዲያ ነው» አለች። «ለእነሱ ንገሪልን፤ እስከዚያ ተመልሰው ይመጡ ይሆናል።»

አደር ሮብሌ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው መነጽራቸውን በሽርጣቸው ጫፍ ይጠርጉ ነበር። ሄጄ ፊታቸው ቁጢጥ አልኩ። «አደር፣ ዋሽቻለሁ። ደወሌን አልፈዋል ስል መርከቡ ገና ወደብ መግባቱ ነበር» አልኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉኝ።

ሽርጣቸውን ገለጥ አድርገው ስልኩን አሳዩኝ። «የወንድሜ ልጅ ደወሌ ኬላ ላይ ነው የሚሠራው። ጠዋት ኑር መጀመሪያ ሲጣራ ዞር ብዬ ደወልኩለት። አንድም አውቶቡስ አላለፈም አለኝ።»

«ታዲያ ለምን አላጠጧቸውም?»

መነጽሩን አጠለቁና ደህና አድርገው አዩኝ። «ይህ ሁሉ ሰው ቃልሽን ሰምቷል። ግመሎቼን ወደ ገንዳው ብነዳ ኖሮ ይቺ ልጅ ውሸታም ናት ማለቴ ነበር። ቤቴ አድረሻል፣ አደር። ፈረንጆቹ የፍስሐ እንግዶች ናቸው። የእኔ እንግዳ አንቺ ነሽ።»

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ቢመቱኝም ይሻለኝ ነበር። አሥራ አራት ግመል ሁለት ቀን ተጨማሪ ተጠማ፤ ቀላዋ ግመል ወተቷ ነጠፈ፤ ይህን በኋላ ከሆዳን ነው የሰማሁት። ይህ ሁሉ የሆነው እኔ በሰው ፊት እንዳላፍር ነው። ከፍስሐ ጋር ዳግመኛ አልሠራሁም። ፍስሐ ግን መጥፎ ነገር እንደሠራ እስከ ዛሬ አያውቅም፤ እሱ ነው የበለጠ የሚያናድደኝ።

ይህን ሁሉ ለተማሪዬ ነገርኩት። ሻሂዬ ቀዝቅዞ ነበር። ዞሮ ፎቶውን አየው። «እኔ እኮ በፀሐይዋ መስሎኝ ነበር፤ ዓይናቸውን የጨፈኑት» አለ።

«መነጽራቸውን አስወልቀናቸው ነው» አልኩት። «እኔ ነኝ ያስወለቅኋቸው።»

«ይቅር እንዴ ታዲያ ጉዞው?» አለኝ። አይቅር። አይሻ የሚያይ ሰው ይምጣ፤ የአይሻ ሰው እንግዳ አይጠላም። የፕሮግራሙን ረቂቅ ጎትቼ አነበብኩ። «2፡30፤ ግመሎች ውሃ ሲጠጡ መመልከት» ይላል። ሰዓቱን ሰረዝኩና ከጎኑ በእጄ ጻፍኩ፦

«ግመሎቹ ተራቸው ሲደርስ ይጠጣሉ። በሰዓቱ የደረሰ ያያል፤ ያልደረሰ ያመልጠዋል።»

ልጁ አነበበው፣ ከዚያ ሳቀ። «ቲቸር፣ ይሄ እኮ ጎብኚ አይስብም።»

«አይሳብ» አልኩት። ወንበሩን ወደ ግድግዳው ጎትቼ ወጣሁበትና ፎቶውን አወረድኩ። አደር ሮብሌን በብብቴ ይዤ፣ በዚያ ንፋስ፣ ባጃጅ ሳልጠራ በእግሬ ቤቴ ገባሁ።