መስቀሉም ደህና ነው

ባለፈው ሳምንት የሐሞት ጠጠር ወጥቶልኝ ሆስፒታል ተኝቼ ሳለ አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አልጋዬ አጠገብ መጣች። አንገቷ ላይ ማተብ አስራለች። ከጓደኞቿ ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ ህሙማን እንደምትጠይቅ ነገረችኝ። ከትራሴ ስር ብቅ ያለውን የመዝሙር መጽሐፌን አየት አድርጋ፣ «እናቴ፣ ፓስተርዎን ልጥራልዎት?» አለችኝ። ወይ ጉድ! በሷ ዕድሜ እኔም አንድ ቀን ቄስ ፍለጋ ይርጋለም ድረስ ሄጃለሁ።

ያኔ ሀዋሳ መናኸሪያ አካባቢ ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ተቀጥሬ እሠራ ነበር። በቤተ ክርስቲያናችን የህሙማን ጥየቃ ቡድን ውስጥ ነበርኩ። ቅዳሜ ጠዋት ሾርባ በፔርሙስ ይዘን ሆስፒታል እንሄዳለን፣ እንዘምራለን፣ እንጸልያለን። ድምፄ ትልቅ ስለሆነ ነርሶቹ «አንቺ ልጅ፣ የተኛውን ሁሉ ትቀሰቅሺዋለሽ» እያሉ ይቆጡኝ ነበር።

አንድ የክረምት ቅዳሜ ጋሽ ተሰማ የሚባሉ የመጋዘን ጥበቃ አንጀታቸው ተጠላልፎ ተኝተው አገኘናቸው። ሐኪሙ ዛሬውኑ ኦፕራሲዮን ካልሆኑ አይተርፉም ብሏል። እሳቸው ደግሞ «የነፍስ አባቴን ሳላገኝ ቢላ አይነካኝም» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረዋል። ሚስታቸው ሞተዋል፤ አንድ ልጃቸው ሹፌር ነው፣ ሞያሌ መንገድ ላይ ስልኩ አይገኝም።

«እዚሁ ሀዋሳ ካሉት ቄስ ልጥራልዎት?» አልኳቸው።

«ነፍስ አባት እንደ ሸሚዝ ይቀየራል እንዴ ልጄ? ቄስ ሞገስ ጉዴን ሁሉ ያውቃሉ። ለአዲስ ሰው ከየት ልጀምር?»

ቄስ ሞገስ ያሉት ይርጋለም ነው፤ ስልክ የላቸውም። የቡድናችን መሪ ወንድም ማቲዎስ «ለጌታ የሚሳነው የለም፤ እዚሁ እንጸልይላቸው» አለ። እኔ ግን የሽማግሌው ከንፈር ሲደርቅ እያየሁ ነበር። «እናንተ ጸልዩ፤ እኔ ቄሱን ላምጣ» ብዬ ወጣሁ። ጴንጤዋ ቄስ ፍለጋ! እናቴ ብትሰማ ምን ትለኝ ይሆን እያልኩ በባጃጅ መናኸሪያ ደረስኩ።

ሚኒባሱ እስኪሞላ ነፍሴ ልትወጣ ነበር። መንገዱ ግራና ቀኝ ዝናብ የጠገበ እንሰት ነው፤ ሌላ ቀን ቢሆን ደስ ብሎኝ አየው ነበር። የይርጋለም መገንጠያ አፖስቶ ላይ የተቀቀለ በቆሎ ገዛሁ፤ ሳልበላው ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት።

ሰው እየጠየቅኩ ሄጄ ቄስ ሞገስን ጓሯቸው ውስጥ ቡና ሲኮተኩቱ አገኘኋቸው። እጃቸውን ጠረግ ጠረግ አድርገው ከኪሳቸው መስቀል አወጡና ዘረጉልኝ። መሳለም መቼ አውቄ! ግራ ቢገባኝ መስቀሉን ጭብጥ አድርጌ፣ «ደህና ነዎት አባቴ?» ብዬ ነቀነቅኩት።

እኔንም መስቀሉንም አዩ። «እኔም ደህና ነኝ፤ መስቀሉም ደህና ነው» ብለው ሳቁ። እኔ ግን አለቀስኩ። የመጣሁበትን ስነግራቸው ዶማውን ጥለው፣ በጭቃ ጫማቸው ተከተሉኝ። በቆሎውን ሚኒባስ ውስጥ ተካፍለን በላነው።

ከሰዓት ደረስን። መጋረጃው ተጋረደ። ምን እንደተባባሉ አላውቅም፤ የጋሽ ተሰማን ለቅሶ ብቻ ሰማሁ። መጋረጃው ሲገለጥ «በሉ አሁን ውሰዱኝ» አሉ።

ኮሪደሩ ላይ ወንድም ማቲዎስና ቄስ ሞገስ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ሁለቱም በየፊናቸው ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር። እኔም ድምፅ ሳላወጣ መጸለይ የተማርኩት ያን ቀን ነው። ሐኪሙ ወጥቶ «ተርፈዋል፤ ብንዘገይ ኖሮ ግን አይሆንም ነበር» ሲል እፎይ ብዬ ወለሉ ላይ ዝርፍጥ አልኩ። ቄስ ሞገስ ደግፈው አነሱኝ። እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሰደዱ፤ አሰብ አደረጉና መስቀሉን ትተው ባዶ እጃቸውን ዘረጉልኝ። ልክ እኔ መስቀሉን እንደነቀነቅኩት አድርገው እጄን ነቀነቁት።

«እናቴ፣ ልጥራልዎት ወይስ ይቅር?» አለች ተማሪዋ፣ አልጋዬ አጠገብ እንደቆመች።

ሰው ሲታመም የሚያውቀውን ሰው ነው የሚፈልገው። እኔ ግን ቢላውም አልፎልኝ፣ ፓስተሬም በማግስቱ ሊመጣ ነበር። «አንቺው ቁጭ በይና በምታውቂው ጸልዪልኝ» አልኳት። ፈራ ተባ እያለች «አባታችን ሆይ» ብላ ጀመረች፤ አብሬያት አልኩ። ስንጨርስ ላመሰግናት እጄን ብዘረጋላት፣ ልጅት ጎንበስ ብላ ሳመችው!

«ጨብጪኝ እንጂ የኔ ልጅ! እጄም ደህና ነው» አልኳት፣ ስፌቴ እየቆነጠጠኝ ሳቄን መግታት አቅቶኝ።