ያልጋለችው ቀይ ሞተር

በሲንሴሌሆ ከተማ ገበያ ጥግ፣ ሞተረኞች ተራ ይዘው ተሳፋሪ በሚጠብቁበት የማንጎ ጥላ ሥር፣ ከወንዶቹ መሀል ያለችው ሴት ዩዲስ ባዬስታስ ብቻ ነበረች። ወንዶቹ መጀመሪያ ሳቁባት፤ ከዚያ ለመዷት፤ ውሎ አድሮ ደግሞ ቀኑባት። ዓሣና ካሳቫ ሸምተው የሚወጡ እናቶች ተራውን ሁሉ አልፈው እሷ ጋ ይሄዱ ነበርና። "የሷን ወገብ ስይዝ አላፍርም" ይላሉ። ሽመላ እያሉ የሚጠሩት ያሚል የሚባል ረጅም ሞተረኛ አንድ ቀን፣ "እኔም ቀሚስ ልልበስ እንዴ ገበያ እንዲመጣልኝ?" ቢላት፣ "በዚያ እግርህ? ያሉህንም ደንበኞች ታባርራቸዋለህ" አለችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወዳጆች ሆኑ።

ሞተር ከመያዟ በፊት እዚያው ገበያ ውስጥ እንቁላል የገባበት የበቆሎ ቂጣ እየጠበሰች ትሸጥ ነበር። ከሚንቸሰቸስ ዘይት ፊት ቆማ ስትውል እግሯ ያብጣል፤ ማታ ባሏ ዊልመር፣ እሱም ዳቦ ጋጋሪ ነው፣ በሞቀ ውሃ ያሽላታል። ከዚያ ሕይወት ያወጣት አበልጇ ኤልዬሴር ነው። ኤልዬሴር የሴት ልጇ የማይሬት የክርስትና አባት ሲሆን በከተማው ትልቅ በሚባለው የሞተር ሳይክል መሸጫ ውስጥ ሻጭ ነበር። ቂጣ ሊበላ መጥቶ እንዲህ አላት፦

"አበልጄ፣ እስከ መቼ ነው ከቂጣው ጋር አብረሽ የምትጠበሽው? አዲስ ሞተር ገብቷል። ነዳጅ አትበላም፤ አቀበት አትፈራም። እኔ ራሴ ይቺኑ ነው የገዛሁት። ዋስ ካስፈለገሽ እኔ አለሁ።"

ቀዩን መረጠች። ከመሸጫው ስታወጣት ኤልዬሴር ጎማው ላይ ቢራ አፍስሶ፣ "በቃ፣ ክርስትና ተነስታለች፤ የዚችም አባት እኔ ነኝ" ሲል ሁሉም ሳቀ።

ዝናቡ አልፎ በጋው ሲገባ ሞተሯ መጋል ጀመረች። ዩዲስ ሆስፒታል ደርሳ ስትመለስ የተቃጠለ ዘይት ይሸታታል። መብራት ይዟት ስትቆም ኢንጅኑ ይንኳኳና ይጠፋል። አንድ ቀን የቀኝ ባቷ ነካ ቢያደርገው ቆዳዋ ተልጦ ቀረ፤ ጠባሳው የሎሚ ቅጠል ያህላል። መሸጫው ድረስ ወስዳ አሳየች። እዚያ ያለው መካኒክ፣ "ወፍራም ወፍራም ሰው ትጭኛለሽ፤ ምን ታድርግ?" አላት። ገና ካለፈ በኋላ ደግሞ ሄደች። ያን ጊዜ ያነጋገራት ኤልዬሴር ነው።

"በዚህ አገር ፀሐይ ምን የማይግል ነገር አለ? አንቺም ግለሻል" አላት።

ሳቀች። ሊሸኛት እስከ በሩ ወጣና ሞተሯን ሳይሆን መንገዱን እያየ፣ "ማይሬትን ግን ለምን በእግሯ አትሰጃትም? ትምህርት ቤቱ ቅርብ ነው" አላት።

"አንተ ሚስትህን ፀጉር ቤት ድረስ በሞተር እያመላለስክ፣ ለኔ ልጅ እግር ትመርቃለህ?"

"አይ፣ ልጅ ስትራመድ ትጠነክራለች ብዬ ነው" አለና ተመልሶ ገባ። ዩዲስ ነገሩን እዚያው ረሳችው።

አደጋው የደረሰው በየካቲት፣ ፀሐይ አናት ላይ በቆመችበት ሰዓት ነው። የጫነችው እትዬ ኒዲያን ነበር። እትዬ ኒዲያ ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው፤ ማይሬትንም ከማሕፀን የተቀበሏት እሳቸው ናቸው። የእህታቸው ልደት ስለነበር በክሬም የተለበጠ ኬክ በካርቶን ጭናቸው ላይ ይዘዋል። መንገዱ የአህያ አቀበት የሚሉትን ኮረብታ ወጥቶ በዚያ በኩል ይወርዳል። አቀበቱ ላይ ያ ሽታ መጣ።

"እትዬ፣ ጫፉ ላይ ትንሽ ቆም ብለን እናቀዝቅዛት" አለች ዩዲስ።

"ክሬሙ እኮ ይቀልጥብኛል ልጄ። ቁልቁለቱን ከወረድን ደረስን አይደል? ነፋሱ ያቀዘቅዛታል።"

አላቆመችም። ቁልቁለቱ መሀል ላይ ኢንጅኑ ነከሰ። የሞተሩ ድምፅ ድንገት ጸጥ አለና የኋላው ጎማ በሚስማር የተቸነከረ ይመስል ቀጥ አለ። ዩዲስ ፍሬን አልነካችም፤ መሪውን ብቻ ነው የያዘችው። ሞተሯ ወደ ጎን ተንሸራተተች፣ ሰማዩ ዞረ፣ አስፋልቱ ትከሻዋን መታት። ከኋላቸው ከብት ጭኖ ይመጣ የነበረው መኪና ጥሩምባውን እያስጮኸ ጥምዝዝ ብሎ ሣሩ ውስጥ ገባ። ከብቶቹ ተደራርበው ሲጮሁ ይሰማታል።

ቀና ስትል መጀመሪያ ያየችው አስፋልቱ ላይ የተዘረገፈ ነጭ ነገር ነው። የሰው አንጎል መሰላት። ክው ብላ ቀረች፤ መነሳትም መጮህም አቃታት፤ ዓይኗ ከዚያ ነጭ ነገር ላይ አልነቀል አለ። እዚያው ውስጥ ቀይ የተቀባ ቼሪ ስታይ ነው ኬኩ መሆኑ የገባት። እትዬ ኒዲያ ትንሽ ወዲያ ብለው በጀርባቸው ተኝተዋል፣ ዓይናቸው ተከፍቷል።

"ዩዲስ፣ አንዱ እግሬ የት እንዳለ አላወቅሁትም" አሏት፣ ጫማ የጠፋባቸው ያህል በተረጋጋ ድምፅ። ዳሌያቸው ተሰብሮ ነበር።

የመኪናው ሹፌር ወርዶ በላስቲክ የያዘውን ውሃ ኢንጅኑ ላይ ደፋው። ውሃው ሳይፈስ እንፋሎት ሆነ። ሞተሯን ሊያነሳ ቢገፋት ጎማው አልዞር አለ።

"ፍሬን ነው የያዝሽው?"

"አልነካሁም።"

እንዳላመናት ፊቱ ላይ ታነበው ነበር።

ከተማውም አላመናትም። ገበያው ውስጥ አንዱ እንቅልፍ ወስዷት ነው አለ፤ ሌላው ድሮስ ሴትና ሞተር አለ። ዩዲስን የቆረጣት ግን የራሷ ሐሳብ ነው። ጫፉ ላይ ማቆም ነበረባት፤ ይኼው ነው።

እትዬ ኒዲያን ልታስታምም ሆስፒታል ተቀምጣ ሳለች ኤልዬሴር የጉዋቫ ጭማቂ ይዞ መጣ። እግራቸው ተሰቅሎ አልጋ ላይ ተኝተው ሲያያቸው ጭማቂውን እንደያዘ ማልቀስ ጀመረ። ወንድ እንዲያ ሲያለቅስ አይታ ስለማታውቅ ደነገጠች፤ ተነስታም አቀፈችው።

"አታልቅስ አበልጄ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ እየሸተተኝ አላቆምኩም" አለችው።

ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

ሞተሯን ከወደቀችበት አንስቶ ጋራዥ ያደረሰላት ሽመላው ነው። የጋራዡ መካኒክ ኢንጅኑን ከፍቶ ፒስቶኑን አሳያት፤ ሚዳቋ የጋጠችው ይመስል ዙሪያውን ተፋፍቋል።

"ዘይት አልደረሰውም" አላት።

"ባለፈው ሳምንት እኮ ነው የቀየርኩት።"

"ዘይቱማ ሞልቶ አለ። የማይገፋው ፓምፑ ነው። ያንቺ ብቻ መሰለሽ?" አለና በአገጩ ወደ ግቢው ጥግ ጠቆማት።

ጥጉ ላይ ቀያይ ሞተሮች ተደርድረዋል፤ የሷው ዓይነት ናቸው፤ አንዱ መሪው ተጣሟል፣ ሌላው ላይ የሕፃን ጫማ ታስሯል። ሽመላው የሱሪውን ቀኝ እግር ሰበሰበ። ባቱ ላይ፣ የሷ ባለበት ቦታ፣ ያው የሎሚ ቅጠል የሚያህል ጠባሳ አለ።

"አንተም? ለምን አልነገርከኝም?"

"ምን ብዬ? እኔ ነኝ መንዳት የማልችለው እያልኩ ነበር" አላት።

ከዚያ በኋላ ዩዲስና ሽመላው ቀይ ሞተር ያዩበት ሁሉ እያስቆሙ ጠየቁ። ወንዱም ሴቱም እያፈረ ሱሪውን ይሰበስባል። ጠባሳው እዚያው ነው። ሁሉም በየፊናቸው አመልክተዋል፤ ሁሉም ጥፋቱ የራሳችሁ ነው ተብለዋል። አንድ ቀን ተቀጣጥረው ሞተራቸውን እየነዱ፣ የነከሰችባቸውም እየገፉ፣ መሸጫው በር ላይ ተሰበሰቡ።

ሥራ አስኪያጁ ወጣ፤ ከሌላ ከተማ የመጣ ሰው ነው። "ሞተሯ ምንም እንከን የላትም። አያያዝ ነው" አለ። ኤልዬሴር ከኋላው ቆሟል፤ የራሱ ቀይ ሞተር ዛፍ ሥር ቆማለች።

ዩዲስ የኤልዬሴርን ሞተር አይታ ደስ አላት፤ ከነሱው ወገን አንድ ሰው ውስጥ ያለ መሰላት። "ጌታዬ፣ እኛን ካላመኑ የራስዎን ሠራተኛ ይጠይቁ" አለችው። "አበልጄ ይቺኑ ነው የሚነዳው። የሱንም የኛንም ፀሐይ ላይ አስነስተን እናቁማቸው፤ ሲግሉ በዓይንዎ ያዩታል።"

"ተይው አበልጄ፣ የኔ ነዳጅ የላትም" አለ ኤልዬሴር።

"እንዴ፣ አሁን ጠዋት በሷ አይደል የመጣኸው?" አለው ሽመላው፤ ሞተሯንም ገፍቶ ከሌሎቹ ጎን አቆማት።

የምትነሳላቸው ሁሉ አስነሱ። ብዙም አልቆየ፤ ያ ሽታ ግቢውን ሞላው። አንዷ ተንኳኩታ ጠፋች፤ ሌላዋ ተከተለቻት። የአንዷን ኢንጅን ሽመላው በምራቅ ቢነካው ጭስስ አለ። ሥራ አስኪያጁ መሐረብ አውጥቶ አፍንጫውን ያዘ። የኤልዬሴር ቀይ ሞተር ግን እንደ ድመት እያንኮራፋች ቆማለች። ዩዲስ ጠጋ አለች። እጇን አቀረበች፣ አልፈጃትም። መዳፏን ኢንጅኑ ጎን ላይ ብትጭነው እንደ ሻይ ብርጭቆ ነው የሚሞቀው።

አብሯቸው የመጣው የጋራዡ መካኒክ ቁጢጥ ብሎ አየና፣ "ይቺ ፓምፗ ተቀይሯል። ክዳኑም አዲስ ነው" አለ።

ሥራ አስኪያጁ ወደ ኤልዬሴር ዞሮ፣ "ወደ ውስጥ ግባ" አለው። ኤልዬሴር አልገባም።

"ከፋብሪካው አዲስ ፓምፕ መጥቶ ነበር" አለ፣ መሬት መሬቱን እያየ። "ጥቂት ነው የመጣው። በጣም ለሚጮህ ደንበኛ ብቻ ስጡ፣ ዝም ላለው ዝም በሉት ተባልን። እኛ ሠራተኞች የራሳችንን ቀየርን።"

"መቼ?" አለች ዩዲስ።

"ከገና በፊት።"

ሰዎቹ ሲጮሁ አፋቸው ሲንቀሳቀስ ታያለች እንጂ አትሰማም። ከገና በኋላ ነው አንቺም ግለሻል ብሏት የሳቀችው። ልጅ ስትራመድ ትጠነክራለች ያላት ያን ቀን ነው። ሆስፒታል አቅፋ ያባበለችውም ይሄንኑ ሰው ነው።

"ማይሬት በየጠዋቱ ከኋላዬ ተቀምጣ ትምህርት ቤት እንደምትሄድ ታውቅ ነበር" አለችው።

"አውቅ ነበር።"

"በእግሯ ስጃት ያልከኝ ለዚህ ነው።"

"ከሥራ ያባርሩኛል ብዬ ነው፣ አበልጄ። ካወራህ ትወጣለህ አሉኝ።"

መዳፏ አሁንም የሱ ሞተር ላይ እንደተጫነ ነበር። ሽመላው ነው ይዞ ያነሳላት።

ኤልዬሴር ያን ቀን የተናገረውን በማግስቱ ለአካባቢው ሬዲዮ ደገመው፤ ከዋና ከተማ ለመጡት መርማሪዎችም የራሱን ስም ሰጥቶ መሰከረ። ከሥራውም ወጣ። እሱ ባይመሰክር ኖሮ አያያዝ ነው እንደተባሉ ይቀሩ ነበር፤ ይሄንን ዩዲስም አትክድም። ከብዙ ምልልስ በኋላ የሁሉም ፓምፕ ተቀየረ፤ የነከሱትም አዲስ ኢንጅን ገባላቸው፤ እትዬ ኒዲያንም መሸጫው አሳከማቸው። ዩዲስ ልትጠይቃቸው ስትሄድ በከዘራ እየተራመዱ በር ከፈቱላት። ይቅርታ ልትጠይቅ ስትጀምር፣ "አፍሽን ዝጊ። ክሬሙ ይቀልጣል ብዬ አላስቆምሽም ያልኩት እኔ ነኝ፤ እህቴ ደግሞ ኬኩ ቢደርሳትም አትወደውም ነበር ይሆናል" አሏት። ሁለቱም ሳይፈልጉ ሳቁ።

ዩዲስ ወደ ማንጎው ጥላ ተመለሰች። ወንዶቹ ስለ ሴትና ሞተር መቀለድ ትተዋል። የአህያ አቀበትን ግን አትወጣም፤ ወደዚያ የሚሄድ ተሳፋሪ ሲመጣ ለሽመላው ትሰጠዋለች።

ማይሬት ልደቷን ስታከብር ኤልዬሴር በር ላይ ብቅ አለ፤ ለክርስትና ልጁ ቦርሳ ገዝቷል። ዊልመር ሚስቱን አየ። ዩዲስ በእጇ ግባ አለችው፤ ከቤት ደጃፍ የቆመ ሰው አይመለስም። ግቢው ውስጥ ወንበር ሰጠችው፤ የዓሣ ሾርባ ቀዳችለት፤ ካሳቫም ጨመረችለት። ስለ ሙቀቱ አወሩ፤ ስለ ወንዙ መጉደል አወሩ። ማይሬት ቦርሳውን ተሸክማ ግቢውን ዞረች። ሾርባውን ጨርሶ፣ "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" ብሎ ሲወጣ ዊልመር ወንበር ጎተተላት።

"በይ አሁንስ ተቀመጪ" አላት።

ያን ጊዜ ነው ሾርባውን ከሰጠችው ጀምሮ አብራው ሳትቀመጥ ግድግዳ ተደግፋ ቆማ እንደነበር ያወቀችው።