ከሻምበሉ ኋላ መራመድ

ባለፈው ሳምንት ሮቤ መናኸሪያ በር ላይ የጎባ ሚኒባስ ስጠብቅ አንድ ሊስትሮ የጥቁር ቀለም ቆርቆሮውን ከፈተና ሽታው አፍንጫዬን ሲመታኝ፣ ሃምሳ ዓመት ያለፈኝ ሴትዮ መሆኔን ረስቼ የልጅነት ቅናቴ አገረሸብኝ። ሌላው ሰው የአባቱ ጫማ ቀለም ሲሸተው አባቱ ይናፍቀዋል፤ እኔን ትዝ የምትለኝ ግን የልጅነት ጎረቤቴ ሐዋ ናት፣ አንጀቴም ይቃጠላል።

አባቴ ሻምበል ነበር። ከጦሩ ከወጣ በኋላ አዲስ አበባ ምክር ቤት፣ ሥነ ሥርዓት ክፍል ገባ፤ ሥራውም ጉባኤ ሲከፈት በትር ይዞ፣ ወደ ኋላ ሳይዞር፣ ከአፈ ጉባኤው ፊት ቀስ ብሎ መራመድ ነበር። ክረምት ምክር ቤቱ ሲዘጋ ጎባ ይመጣል፤ ዝናቡ አባርቶ ጉሙ ወደ ሳነቴ ተራራ ሲሸሽ ጫማውን እስኪያብረቀርቅ ወልውሎ፣ በበትሩ ፈንታ የእናቴን ዘነዘና ይዞ በጭቃው ግቢያችን ይለማመዳል። እናቴ በርበሬዋ ሙቀጫ ውስጥ ቀርቶባት ታጉረመርማለች።

ለልምምዱ ከኋላው አፈ ጉባኤ ሆኖ የሚራመድ ልጅ ያስፈልገው ነበርና የጎረቤታችንን የባለሱቁን ልጅ ሐዋን መረጠ። የሐዋ ኮቴ አይሰማም፤ እኔ ግን ዓመት ሙሉ የናፈቅሁት አባቴ ከፊቴ ሲሄድ አላስችል እያለኝ ሮጬ እጁን እይዝ ነበር። «አፈ ጉባኤ አይሮጥም» ብሎ አጥር ሥር አስቀመጠኝ። በቅናት ደብን አልኩ፤ የሐዋን አረማመድ፣ ነጠላ ጫማዋን፣ ሻሿን ሳይቀር ጠላሁ።

አባቴ ሊሄድ ሁለት ቀን ሲቀረው ከሪራ መንደር በመጣልን ማር ሐዋን አባበልኳትና ቦታ ተለዋወጥን። እሷ ከእንጨቱ ክምር ጀርባ ተደበቀች፤ እኔ ትንፋሼን ውጬ፣ እግሩ ያረፈበትን እየረገጥኩ፣ ከአጥሩ እስከ በረንዳው ተከተልኩት። እዚያ ሲደርስ ቆመና እንደ ሥርዓቱ ሳይዞር፣ «ጎበዝ ሐዋ! እንዲህ ነው እንጂ» ብሎ ዘነዘናውን ለእናቴ ሊመልስ ወደ ጓዳ ገባ። አባቴ ምስጋና ከአፉ የሚወጣ ሰው አልነበረም፤ ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ ማንንም ጎበዝ ሲል አልሰማሁም። እኔ ነኝ እንዳልል ማታለሌ ሊታወቅ ነው፤ ነገሩን በሆዴ እንደያዝኩ አረጀሁ።

አምና አባቴ ሲሞት ሐዋ ለቅሶ ልትደርስ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ኦቦሌቲ ኮ፣ እህቴ፣ ሻምበል አባባ ለእኔ ልዩ ሰው ነበሩ። ወላሂ፣ አንድ ቀን ‹ጎበዝ ሐዋ› ብለውኛል፤ እስክሞት አልረሳውም» ብላ ተንሰቀሰቀች።

ቦታ መለዋወጣችንን ጨርሶ ረስታዋለች። አንዲት ለቀስተኛ «ታድለሽ!» አለቻት። ያቺ ቃል የእኔ ናት ልል አፌን ከፈትኩ፤ ግን ማንን ምስክር ልጥራ? ከፊቴ ይሄድ የነበረው ሰው አንድ ጊዜ እንኳ ዞሮ አላየኝም።