ጫማውን እንጂ እግሩን አልሰጥም

ጅማ አጠገብ ያለችውን ከተማዬን፣ የቡን፣ የለቀቅኩት በሱብሂ፣ ጎህ ሲቀድ ነው። እማ ሚኒባሱ በር ላይ ቆማ፣ «አልቅሰሽ ለጎረቤት ወሬ እንዳትሰጪ» ብላ ሻርፔን እስከ ዓይኔ ድረስ ሳበችው። ከሻርፑ ሥር ግን እስከ ጅማ አነባሁ። ቅርስ ጥበቃ ልማር ብዬ ኖርዌይ ገባሁ፣ ተማርኩ፣ ሙዚየም ውስጥ ሥራም አገኘሁ፣ አልሃምዱሊላህ።

ዝናቡ የአገራችንን ይመስላል እንዳትሉ! የጅማ ዝናብ ቆርቆሮውን ደብድቦ፣ ፀሐይ አስከትሎ ይሄዳል፤ የዚህኛው አልወጣ እንዳለ እንግዳ ነው። ብሩኖስት የሚሉት ቡናማ አይብ አላቸው፤ ወላሂ፣ ስኳር የነካው ሳሙና! ሽማግሌው አለቃዬም «ላርስ ብለሽ ጥሪኝ» ይሉኛል። ቋንቋቸው እርስዎ የለውም፤ እኔ ግን በልቤ እርስዎ እላቸዋለሁ።

ሥራዬ ከሰመጡ መርከቦች የወጣ የቆዳ ዕቃ ማዳን ነው። ቆዳው ከባሕር ወጥቶ ዝም ብሎ ከደረቀ ይሰነጣጠቃል፤ ስለዚህ ጨዉን እስኪለቅ ንጹሕ ውሃ እየቀያየርኩ እዘፈዝፈዋለሁ። ባለፈው ሳምንት ከአንዲት ትንሽ የልጅ ጫማ ውስጥ ጭቃ ስጠርግ የእግር ጣት አጥንቶች ወጡ። ብሩሹን አስቀመጥኩ። ኢና ሊላሂ ብዬ በነጭ ጨርቅ ሸፈንኳቸው።

ላርስ መጥተው ጨርቁን ሲገልጡ ፊታቸው በራ።

«ድንቅ ነው! ከነጫማው መስታወት ውስጥ እናስቀምጠዋለን።»

«ይቀበራል እንጂ።»

«ማን እንደሆነ እንኳ አናውቅም እኮ።»

«የማይታወቅ ሰው አይቀበርም እንዴ? እኛ ዘንድ የቡና መፈልፈያ የቆረጠው ጣት እንኳ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀበራል።»

«ጣት? በማን ስም?»

«ስም አንጠይቀውም፤ እንቀብረዋለን።»

ሳቁ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የመኖሪያ ፈቃድሽ በዚህ ሥራ የመጣ መሆኑን አትርሺ» አሉኝ።

«አልረሳሁም። ጫማውን እንደ ዓይኔ ብሌን እጠብቅልዎታለሁ። እግሩን ግን ለተመልካች አላሰናዳም። ሪዝቄን፣ የዕለት እንጀራዬን፣ የጻፉልኝ እርስዎ አይደሉም።»

ጨርቁን መልሼ አጥንቶቹን አለበስኳቸው። ሰኞ የሙዚየሙ ኮሚቴ ይሰበሰባል፤ የአጥንቶቹም የእኔም ጉዳይ አንድ ላይ ይታያል።

ትናንት ለእማ ደወልኩ። ሁልጊዜ የመጀመሪያ ጥያቄዋ «መቼ ነው የምትመጪው?» ነው። ትናንት ግን የድምፄን ሁኔታ ሰምታ፣ «ምን ሆነሻል?» አለችኝ። ነገርኳት።

«ሙስሊም ነው?»

«አላውቅም፣ እማ።»

«ልጅ ነው አልሽ?»

«ልጅ ነው።»

በኦሮምኛ «ልጄ» የምትለኝ ነገር ስትቆርጥ ነው።

«ኢንተላ ኮ፣ እናቱ ሳትቀብረው ቀርታለች። አንቺ ሳትቀብሪው እንዳትመጪ!»

ዘጋችው። ለዒድ ትኬት መቁረጤን ልነግራት ነበር የደወልኩት።