ሰላዩ መታወቂያ ሲጠየቅ

የመድኃኒት መጋዘኑን ዋና በር የሚጠብቁትን ሰው ሰፈሩ «ጋሼ መታወቂያ» ይላቸዋል። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ በዚያ በር መታወቂያ ሳያሳይ ያለፈ የለም። አማታቸው እንኳ አንድ ቀን ምሳ ይዘውላቸው መጥተው፣ መታወቂያቸውን ቤት ረስተው ስለነበር ምሳውን አስረክበው ከደጅ ተመልሰዋል።

ባለፈው ዓመት የስለላ ፊልም የሚሠሩ ሰዎች መጋዘኑን ለሦስት ቀን ተከራዩት። ዳይሬክተሩ ጋሼን ከነዩኒፎርማቸው አይቶ ወደዳቸው።

«አባባ፣ የእርስዎ ሥራ ቀላል ነው» አላቸው። «ሰላዩ ከኋላ ይመጣና ማጅራትዎን መታ ያደርግዎታል። እርስዎ ዘጭ ይላሉ። አለቀ።»

«በስንት ምት?»

«በአንድ።»

ጋሼ ኮፍያቸውን አውልቀው መልሰው አጠለቁት። ይህን ፊልም ሥራ አስኪያጁ ያየዋል፤ የየመጋዘኑ ጥበቃ ሁሉ ያየዋል። የሃያ ሁለት ዓመት ስማቸው በአንድ ምት ገደል ሊገባ ነው።

«ልጄ፣ በየፊልሙ ጥበቃ ወይ ያንቀላፋል ወይ በአንድ ቡጢ ይዘረራል። ምን አድርገናችሁ ነው? ሌባው እንኳ ፍቅረኛ አለው፤ እኛ ብቻ እንደ ጆንያ!»

«አባባ፣ ፊልም ነው እኮ!»

«ፊልምም ቢሆን በር በር ነው።»

እንደ ምንም ለምነው እሺ አሰኟቸው። ቀረጻው ተጀመረና ሰላዩ ጥቁር ለብሶ በእግሩ ጣቶች እየረገጠ መጣ። ጋሼ ዞር አሉ።

«አቤት፣ ማንን ፈልገህ ነው?»

«ካት!» አለ ዳይሬክተሩ።

በሁለተኛው ሙከራ ሰላዩ መታቸው፤ አልወደቁም። በሦስተኛው ትንሽ ተንገዳገዱና የእንግዳ መዝገቡን አቀረቡለት። በአምስተኛው ሰላዩ እጁን በረዶ ውስጥ ነክሮ ተቀመጠ። በሰባተኛው ቢጨንቀው ከኪሱ መታወቂያ አውጥቶ አሳያቸው።

«ጊዜው አልፎበታል» ብለው መለሱለት።

ዩኒፎርሙን ሌላ ሰው ይልበሰው ተባለ። ጋሼ፣ «በፊርማዬ የተረከብኩትን አላወልቅም» አሉ። ኪራዩ የሚያበቃው በዚያው ቀን ነበርና ዳይሬክተሩ እጅ ሰጠ።

ፊልሙ ሲወጣ ተረኛ ያልሆኑ ጥበቃዎች ሲኒማ ቤቱ ውስጥ አንድ ረድፍ ሞሉ። እኔም ከኋላቸው ተቀምጬ ነበር። ሰላዩ ወደ በሩ ይመጣል። ጋሼ ቆመዋል። ያያቸዋል፣ ያስባል፣ ከዚያ ተመልሶ በጓሮ ዞሮ አጥር ይዘላል። ረድፉ በጭብጨባ ተናጋ።

«አኮሩን ጋሼ!»

ጋሼ ደረታቸውን ነፍተው አጠገባቸው ወደተቀመጡት ባለቤታቸው ዞሩ። «አየሽ? በእኔ በር አላለፈም።»

«አየሁ» አሉ ባለቤታቸው። «ግን ገባ አይደል እንዴ?»

ጋሼ የፊልሙን መጨረሻ አላዩም። ስልካቸውን አውጥተው እዚያው ወንበራቸው ላይ እንዳሉ ለሥራ አስኪያጁ ደወሉ።

«አለቃ፣ ይቅርታ፣ የጓሮው አጥር ላይ ነገ ጠዋት እሾሃማ ሽቦ ይደረግ። በቀላሉ ነው የሚዘለለው፤ አሁን በዓይኔ አየሁት!»